ስለ ካርታ ጨዋታና ስለ ሐሰተኛ ሚዛን

ቁማር ክፉ እንደ ሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተሃል። ዳሩ ግን ክፉ የሆነው ስለ ምንድር ነው ተብለህ ብትጠየቅ፥ ምናልባት «ቁማርተኛ ያታልላልና» ብለህ ትመልስ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ማንም ሳያታልል፥ ሕጉም አስቀድሞ ለሁሉ ተነግሮ ቢጫወቱ፥ ያ ጨዋታ ቅን ነውን?

ይህን የምጠይቅህ ከሩቅ ቆሜ አይደለም። ወንጌልን ከመቀበሌ አስቀድሞ እኔ ራሴ በአዋሽ ከተማ ካርታ አዳይ ነበርሁ። አዋሽን እንዳለፉ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ፥ ሁለተኛው በገዋኔና በሚሌ አልፎ ወደ ሎጊያና ወደ ሰመራ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይወስዳል። ሹፌሮችና ረዳቶች ከሐሩሩ ለማረፍ በከተማይቱ ያድራሉ፤ እኔም በማታ በዳስ ሥር ካርታዬን ይዤ እጠብቃቸው ነበር።

ጨዋታው ፈረንጆች ብላክጃክ የሚሉት ሃያ አንድ ነው። የካርታው ቍጥር ተደምሮ ወደ 21 ይበልጥ የቀረበ ያሸንፋል፤ 21ን ያለፈ ይሸነፋል። ሥዕል ያለበት ካርታ 10 ይቈጠራል፤ አስ የተባለው 1 ወይም 11 ይሆናል። ሕጉ ለአዳዩም ለተጫዋቹም አንድ ይመስላል። ነገር ግን አስተውል፤ አስቀድሞ ካርታ የሚጨምር ተጫዋቹ ነው። እርሱ 21ን ካለፈ ገንዘቡ ወዲያው ይወሰዳል፤ ከእርሱ በኋላ አዳዩም ቢያልፍ የተወሰደው አይመለስለትም። እነሆ፥ የአዳዩ ትርፍ ሁሉ ከዚህች ትንሽ ቀዳዳ ይመነጫል።

ቀዳዳይቱም በሕግ ትሰፋለች። በደኅናው ሕግ፥ ተጫዋቹ ከሁለት ካርታ 21 ቢያገኝ፥ በ10 ብር 15 ብር ይከፈለዋል። ብዙ ቤቶች ግን ይህን ለውጠው 12 ብር ብቻ ይከፍላሉ። ተጫዋቹም «ሦስት ብር ምን አላት?» ይላል። እንግዲህ እንቍጠር፤ እንዲህ ያለው ዕድል ከ21 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ይመጣል። በ21 ጊዜ የሚያስይዘው 210 ብር ነው፤ ከዚህ ሦስት ብር ሲጐድል፥ ከመቶው 1 ብር ከ40 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። አዳዩ አስን እንደ 11 ቈጥሮ 17 ሲሞላለት ይቁም የሚለው ሕግ ቀርቶ ካርታ ይጨምር ቢባል፥ ከመቶው 20 ሳንቲም ያህል ይጨመርለታል። በአንድ ጥቅል ካርታ ፈንታ ስምንት ጥቅል ቢቀላቀል፥ 50 ሳንቲም የሚያህል ደግሞ ለቤቱ ይጨመራል።

በመልካሙ ሕግ ዐዋቂ ተጫዋች ከመቶ ብር 50 ሳንቲም ያህል ያጐድላል፤ በክፉው ሕግ ግን ሁለት ብርና ከዚያም በላይ። ሁለት ብር ጥቂት መስላ ብትታይህ፥ ገንዘቡ እንደሚመላለስ አስብ። በየጊዜው 100 ብር እያስያዘ በሰዓት ስድሳ ጊዜ የሚጫወት ሰው፥ በአምስት ሰዓት 30,000 ብር ያስይዛል፤ ከዚህም በአማካይ 600 ብር ለቤቱ ይቀራል። የአዋሽ ወንዝም እንዲሁ ነው። ከምዕራብ ደጋ ተነሥቶ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። አንድ ቀን እንኳ ወንዙን የሰረቀው የለም።

አንድ ማታ አንድ ረዳት የወር ደመወዙን በእኔ ፊት ጨረሰ። አላታለልሁትም፤ ሕጉንም አስቀድሜ ነግሬው ነበር። ሲነሣ ሻይ ገዛሁለት፤ እርሱም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ አመሰገነኝ። በገዛ ገንዘቡ የተገዛ ሻይ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት «ሕጉን ሰምቶ ተቀምጧልና በደል የለብኝም» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለኝም።

መልሱንም ያገኘሁት በቅዱስ መጽሐፍ ነው። በኦሪት ዘዳግም በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት የሚዛን ድንጋይ መያዝ ተከልክሏል፤ የምሳሌም መጽሐፍ ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ያስተምራል። ጨው ሻጭ «ሚዛኔ ጐደሎ ነው» ብሎ በገበያ ቢያውጅ፥ ሚዛኑ ስለ ታወጀ ሙሉ ይሆናልን? እኔ ሕጉን ነገርሁት፤ ስሌቱን ግን አልነገርሁትም። ቢያውቀው ኖሮ እንደማይቀመጥ ዐውቅ ነበርና።

ምናልባት አንተ ተማሪ ሆነህ፥ «እኔ ስሌቱን ዐውቃለሁ፤ ሕጉ መልካም የሆነበትን ቤት መርጬ እጫወታለሁ» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የወጡትን ካርታዎች እያሰበ የሚጫወት ሰው ቤቱን ሊያሸንፍ እንደሚችል አስረድቷል። ዳሩ ግን እስኪ ሚዛኑ ፍጹም ተስተካክሎ ለማንም ያላደላ እንደ ሆነ አስብ። ጨው ሻጭ ለገንዘቡ ጨው ይሰጣል፤ ሹፌር ለደመወዙ ጭነት ያደርሳል። አንተ ግን ከባልንጀራህ እንጀራ ወስደህ ምን ትሰጠዋለህ? ደስታህ በእርሱ ማጣት ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ክፉው ሕግ ጨዋታውን ይበልጥ ክፉ ያደርገዋል እንጂ፥ መልካሙ ሕግ ጻድቅ አያደርገውም።

ይልቁንም አብረውን የሚኖሩት የአፋር ሙስሊሞች ቁማር በሃይማኖታቸው የተከለከለ ነው። የክርስቶስን ስም የተሸከመ ሰው ካርታ ይዞ ቢያዩት ስለ ጌታችን ምን ይላሉ? በመስቀሉ ሥር በልብሱ ዕጣ የተጣጣሉት እነማን እንደ ነበሩ እናስታውስ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ! በአዋሽ በዳስ ሥር ብትሆኑ፥ ወይም በሰመራ በእጅ ስልካችሁ ላይ ያው ጨዋታ ቢቀርብላችሁ፥ ስሌቱን ዕወቁ፤ ዐውቃችሁም ራቁ። የወሰዳችሁት ቢኖር ባለቤቱን ፈልጋችሁ መልሱ። እኔ ያን ረዳት በሎጊያና በሚሌ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ዕዳውን ለድሆች ከፈልሁ፤ ነገር ግን ፊቱ እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። እናንተ ሳይመሽ መልሱ። ቅን ሚዛን የሚወድ አምላክ ልባችሁን ያቅና። አሜን።