ባዶ መሬት

በአገራችን «ባዶ መሬት» የሚለውን ያህል ብዙ ሥራ የሠራ ቃል መኖሩን እጠራጠራለሁ። አልታረሰም፣ አልታጠረም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም። ኢንቨስተሩ ይህን ቃል ይወደዋል። ሹሙም እንደዚያው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ስትራቴጂውን ሲያወጣ ለጃትሮፋና ለመሰል ተክሎች ይሆናል የተባለው መሬት 23.3 ሚሊዮን ሄክታር ነበር። እስቲ ቁጥሩን ረጋ ብላችሁ አስቡት፤ ከአገሪቱ ስፋት አምስተኛው ያህል ነው። በዚያ ሁሉ መሬት ላይ ከብት የሚያግድ፣ ማር የሚቆርጥ፣ እንጨት የሚለቅም ሰው የለም ማለት ነው?

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት ዘመን፣ ወደብ የሌላት ድሃ አገር ከራሷ አፈር ነዳጅ ብታወጣ ማን ይጠላል? እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተሠራው ኢታኖል አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀምር እኔም ደስ ብሎኛል። ሞላሰስ ተረፈ ምርት ነው፤ የማንንም ማሳ አይሻም። (የሸንኮራው ማሳ ራሱ የማን ነበር ካላላችሁኝ በቀር።)

ጣጣው የሚመጣው መሬት ሲጠየቅ ነው። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ በ2007 በምሥራቅ ሐረርጌ ጉሎ ሊያለማ መሬት ተሰጠው፤ ደን መነጠረ። ብዙው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ዝሆን ካርታ አያነብም። ሰው ግን ያነባል። መጠለያ ተብሎ የተከለለ ቦታ ላይ «ባዶ ነው» ብሎ ከፈረመ ጉዳዩ የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የሕሊና ነው። ኩባንያው ቆይቶ ስሙን ለወጠ። ደን ግን ስም በመለወጥ አይመለስም።

ወላይታ ላይም ገበሬዎች የእህል ማሳቸውን ለጉሎ አካፈሉ። በ2008 የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ረሃብ መጣ። ረሃቡን ጉሎ አመጣው አልልም። ግን ጉሎ አይበላም፤ ምጣድ ያሰሱበት ይሆናል እንጂ ልጅ አያበሉትም።

ጋምቤላ ውስጥ ደግሞ የህንዱ ካሩቱሪ በ2010 ውል 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ሊያለማቸው ከተዋዋላቸው ሰብሎች አንዱ ፓልም ነበር። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር! ዛሬ ቤቴል ውስጥ በ20 ብር ማኪያቶ አይገኝም፤ ያኔም ከሁለት ሦስት ስኒ አያልፍም። መሬቱ አብዛኛው ሳይለማ ቀረና በ2015 ውሉ ተሰረዘ።

«ዕድገት ዋጋ ያስከፍላል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኔ ጥያቄ ከፋዩ ተጠይቋል ወይ የሚል ነው። እዚህ ቤቴል አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ግቢዬን «ባዶ ነው» ቢለኝ ከሳጥን ካርታ አወጣለሁ፣ ካሳ እጠይቃለሁ፣ እከስሳለሁ። የኑዌርና የአኙዋ ሰው የሚያወጣው ካርታ የለውም፤ ያለው አባቱ ከብት ያጠጣበትን ቦታ ማወቁ ነው። እኔን ባለመብት፣ እሱን «ባዶ» ያደረገን አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ወረቀቱን የሚሰጠው አካል ራሱ መሬቱን ሲያከራይ ምን ሊባል ነው?

ነገሩ ደግሞ ከእኛም ድስት አይርቅም። የሰፈራችን ሰው ከሸማቾች ሱቅ ቢጫ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈለት የፓልም ዘይት የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው፤ እዚያም ለእርሻው ብዙ ደን ወድሟል። አውሮፓ ያንኑ ዘይት ለዓመታት «አረንጓዴ ነዳጅ» እያለ በናፍጣ ውስጥ ሲያነደው፣ የጀርመን መኪናና የቤቴል ድስት አንድ ጀሪካን ተሻሙ። መኪናው የተሻለ ይከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ዣን ዚግለር በ2007 ለአምስት ዓመት ይቁም ሲሉ ብዙ ሰው አጋነኑ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደን በማስመንጠር የሚታማውን ነዳጅ እስከ 2030 ቀስ በቀስ ለማስቀረት የወሰነው በ2018 ነው።

አሁን ጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ እኛም ሰፈር ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። ጭስ የላቸውም፣ እሰየው። መብራቱ ግን ከግድብ ነው የሚመጣው፤ ከግድቦቹ አንዱ ጊቤ 3 ነው። ከእሱ በታች በኦሞ ዳር፣ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች አሉ። ጎርፉ ከቀረ በኋላ ማሽላቸውን የት እንደሚዘሩ፣ መኪናችንን ቻርጅ ስናደርግ ማን ያስታውሰናል?