ከቁልቁለቱ በፊት ተናገሩ

ልጆቼ፣ ቅዳሜና እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ በብስክሌት ወደ እንጦጦ ስትወጡ አያችኋለሁ፤ ደስም ይለኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞቻችን ነበሩ፤ ብስክሌት ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። የእናንተ ግልቢያ ግን ከአስፋልት ወጥቶ ድንጋይና የዛፍ ሥር መሃል የገባ ነውና ምክሩም ለብቻው ነው።

ሞዞ ስፈታ፣ ቸርኬ ሳቃና ያረጀሁ ሰው ነኝ። የወደቀ ሁሉ ብስክሌቱን እየጎተተ እኔ ዘንድ ይመጣል። «እንዴት ወደቅህ?» ስለው መጀመሪያ «ድንጋዩ ነው» ይለኛል፤ «የባሕር ዛፉ ቅጠል አንሸራተተኝ» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ፣ ሻይ ሲቀርብ፣ ሌላው ይወጣል፦ ፍሬኑ ከሐሙስ ጀምሮ ልል ነበር፤ ወይም ጎማው ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ወይም ልጁ ራሱ ባለፈው ሳምንት ወድቆ ራሱን እያመመው ነበር የወጣው። አንድ ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያወቀውም ዝም ብሏል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሰው ነው፤ እኔ ግን እንደ ብስክሌት ይህ ተረት በግልጽ የሚታይበት ነገር አላየሁም።

ሀንገር የምትሏትን ቁራጭ እንይ። የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የምታያይዝ ትንሽ አሉሚኒየም ናት። ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ እሷ ተጣማ ፍሬሙ እንዲተርፍ። አሁን ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወደቀ እንበል። እየተጋለበም ላይሆን ይችላል፤ ግድግዳ ተደግፎ በቆመበት ነው። ባለቤቱ ያነሳዋል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ማን እንዳየው ዞር ብሎ ያያል፣ «ምንም አልሆነም» ይላል። ሜዳው ላይ እውነትም ምንም የሆነ አይመስልም፤ ካቴናው ትንሽ ይንጣጣል፣ በቃ። ዳገቱ ሲጠና ግን ጋላቢው ወደ ትልቁ ጥርስ ይቀይራል። ወደ ውስጥ የተጣመመችው ሀንገር ማርሽ ቀያሪውን ከጎማው ሽቦዎች መሃል ትከተዋለች። እየተሽከረከረ ያለ ጎማ የያዘውን አይለቅም፤ ማርሽ ቀያሪው ይሰበራል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ አንዳንዴ ፍሬሙም አብሮ ይቀደዳል። በጊዜ ቢነገር በትንሽ ሥራ ይቃና የነበረ ነገር፣ የወራት ደመወዝ የሚያወጣ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ይህ ሁሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው በውሰት ብስክሌት ነው። የተዋሰው ሰው ይጥለዋል፣ ጠርጎ ይመልሰዋል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። በሚቀጥለው እሑድ ዳገቱ ላይ የሚቀረው ባለቤቱ ነው፤ ማን እንደጣለበትም አያውቅም። ጠርጎ መመለስ ጨዋነት ነው፤ ነግሮ መመለስ ግን ይበልጣል። «በቀኝ በኩል ወድቆብኛል፤ ከኋላ ቁምና እየው» በሉ። ከኋላ የቆመ ሰው የማርሽ ቀያሪው ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ከላይኛው ጥርስ ጋር በአንድ መስመር መንጠልጠላቸውን በዓይኑ ማየት ይችላል። ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ፍሬን ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና። የተራራ ብስክሌት እሽቅድምድም ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ ያለ የተራራ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 የመጀመሪያው ውድድር ተደረገበት። ከ3 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የዚያን ዘመን ልጆች የሚጋልቡት አሮጌ ከባድ ብስክሌት ነበር፤ ፍሬኑም ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ፣ በጎማው መሃል፣ ሞዞው ውስጥ ያለ ነበር። ታች ሲደርሱ ግራሶው በሙቀት ጨሶ ያልቅ ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ቁልቁል ግልቢያ በኋላ ሞዞው ተፈትቶ እንደገና ግራሶ ይሞላ ነበር። መንገዱም «ሪፓክ» ተባለ፤ ዳግም መሙላት ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ሞዞው መቃጠሉን ስለሚያውቁ ሳይሞሉ አይወርዱም ነበር። ዛሬ በዲስክ ፍሬን የምትወርዱት እናንተ ሙቀቱን ስለማታዩት የቀረ ይመስላችኋል። አልቀረም። ከእንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ጀምሮ እስከ ታች ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ዲስኩን ያግላል፣ ሸራውን ያቃጥላል፣ ዘይቱን ያፈላል፤ ከዚያ የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ባዶ ይገባል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ዲስኩንም ማስተንፈስ ይሻላል።

እጀታው ከትናንት ይልቅ ዛሬ ወደ መሪው ከቀረበ፣ ያ መልእክት ነው፤ ሸራው አልቋል ወይም ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ሲፍቅ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ ይናገር። ዘይቱን ደግሞ አትገምቱ። አንዱ ፍሬን የማዕድን ዘይት ይፈልጋል፣ ሌላው ዶት የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ በፍሬኑ ውስጥ ያለውን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ፍሬኑም ይሞታል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች እንደተባለው፣ ዲስኩ ጮኸብኝ ብሎ ዘይት የሚቀባም አጋጥሞኛል። ዘይት የነካው ሸራ አይይዝም፤ ካቴና ስትቀቡ እንኳ ዲስኩን በጨርቅ ሸፍኑት።

የተደበቀ የፍሬን ብልሽት የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በእንጦጦ መንገድ እናቶች ማገዶና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ያ ሸክም ያለባት እናት ከኋላዋ ጎማ ስትሰማ ዘላ መሸሽ አትችልም፤ ዞራ ማየት እንኳ አትችልም። ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛም በዚያው መንገድ ያልፋል። ፍሬኑ ልል መሆኑን እያወቀ የወጣ ልጅ፣ እነዚያን ሰዎች ሳይጠይቃቸው አደጋው ውስጥ አስገብቷቸዋል። እናት ካያችሁ ቁሙ፣ ውረዱ፣ አሳልፉ። በዚህ ነገር ለማንም አልለሳለስም።

ጥዋት ቸኩሎ ብሎን ማጥበቅን በተመለከተ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ይበቃችኋል። የመሪውን ብሎኖች፣ የፊት ጎማውን ማጥበቂያ፣ ኮርቻውን፣ በዋዜማው ማታ እዩ። ጎማም ድንጋይ እስኪመስል አትንፉ፤ የጠነከረ ጎማ የዛፍ ሥር ላይ ይነጥራል፣ ቅጠል ላይ ይንሸራተታል። አየሩ ከመጠን በታች የሆነ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳዋል።

ወደ ውድድር ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2021 የቶኪዮ ኦሎምፒክ የተራራ ብስክሌት ውድድር ላይ፣ ያሸንፋሉ ከተባሉት አንዱ የነበረው ሆላንዳዊው ማቲዩ ቫን ደር ፑል ከትልቅ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ወደ ፊት ተደፋ። በልምምድ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ መውረጃ ሳንቃ ነበር፤ በውድድሩ ቀን ተነሥቷል። እንደሚነሣ የሚያውቁ ነበሩ፤ እሱ ግን አለ ብሎ ወረደ፣ ውድድሩንም አልጨረሰም። ያ ሰው ችሎታ አላነሰውም፤ አንዲት ወሬ ናት ያነሰችው። ስለዚህ ከውድድር በፊት መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ዛፍ ወድቆ ወይም ጎርፍ ቆርጦት ካያችሁም ለተፎካካሪያችሁ ሳይቀር ንገሩ። አንዳንዱ «እሱ ይወቀው፣ የራሱ ጉዳይ» ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ድል ድል አልለውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በውድድሩ መሃል ጎማው ተነፈሰበት። መካኒክ እስከሚቆምበት ቦታ ደረሰ፣ ጎማ አስቀየረ፣ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከሰረ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየለቀመ በመጨረሻው ዙር ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮሬትስኪን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ቆሞ ማሠራት የሚያሳፍራችሁ ልጆች ይህን አስቡ። ቡድን አብሮ ሲወጣ ደግሞ ከዚህ ይቀላል፤ በቆመ ሰው ላይ ሰዓት የሚይዝ የለም፤ አንዱ ፓምፕ፣ አንዱ ካላማዳሪያ፣ አንዱ የካቴና ማያያዣ ከያዘ የሚቀር ሰው አይኖርም።

መለዋወጫ እዚህ እንደልብ አይገኝም። አሜሪካ ያለ አክስት ወይም ጀርመን ያለ ወንድም በሻንጣ እስኪያመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መዞሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ፍሬም ቀለም ቀብቶ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ገዢው ገና ተማሪ ነበር። ስንጥቁ ከፔዳሉ በላይ ባለው ብየዳ ሥር ነበርና ጭቃ ሲሸፍነው አይታይም፤ ዳገት ላይ ሲረገጥ ግን ይተነፍሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ያ ልጅ እውነቱን ያወቀው ፍሬሙ ከሥሩ ሲለያይ ነው፤ እጁ ተሰብሮ ተረፈ። ሻጩ ዛሬም በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ሰላም እለዋለሁ፣ ዕቃ ግን ከእሱ እንዳይገዛ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የምትሸጡትን ዕቃ ጉድለት ከዋጋው በፊት ንገሩ። ካርቦን ከሆነ ደግሞ በድንጋይ የተመታበትን ቦታ በጣታችሁ አሳዩ፤ ካርቦን ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። የተሰበረ ፍሬም ይበየዳል፣ ይጣላል። ራስ ግን ሌላ ነው። ልጅ ይወድቃል፣ ሄልሜቱ ድንጋይ ይመታል፣ ይነሣል፣ ይስቃል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ይጠይቃል፤ ወይም ብርሃን ያስቸግረዋል፤ ወይም ጓደኞቹ ሲያወሩ ይዘገያል። ይህ የአንጎል መናወጥ ሊሆን ይችላል። ራሱን ባይስትም ይሆናል። የዚያን ቀን ዳግም መጋለብ የለበትም፤ አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ቢመታ ለሞት የሚያደርስ ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት። ለእናቱም ደውሉ። እናትን ላለማስደንገጥ ብላችሁ ዝም የምትሉት ዝምታ ለእናት የሚጠቅም አይደለም፤ ሌሊት ልጇን የምታየው እሷ ናት።

የመታውን ሄልሜትም አታውሱት፣ አትሽጡት። ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር አንዴ ተጨፍልቆ ምቱን ውጦላችኋል፤ ከውጭ ባይታይም ሥራውን ጨርሷል።

ለታላላቆቹ፣ ቡድን ለምትመሩት፣ የምለው አለኝ። ልጆቹ ለምን ይደብቃሉ ብላችሁ ጠይቃችኋል? እኔ ጠይቄአለሁ። አንዱ «እንዳይስቁብኝ» አለኝ። አንዱ «ጥለውኝ እንዳይሄዱ» አለኝ። አንዱ፣ ብስክሌቱ የውሰት የሆነው፣ «የምከፍለው ስለሌለኝ» አለኝና አንገቱን ደፋ። ስለዚህ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት እየተማርን ያደግን ሰዎች ነን፤ በሌላ ቦታ ጥሩ ምክር ይሆን ይሆናል፣ ብስክሌት ላይ ግን አልቀበለውም። መናገር እንዲቀል የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ወድቆ በዕለቱ ለተናገረ ልጅ አትጩኹበት። ለውሰት ብስክሌት የሚሆን ትንሽ መዋጮ ይኑራችሁ፣ እንደ ዕቁብ በየወሩ የሚሰበሰብ፤ ሀንገር፣ ሸራ፣ ካላማዳሪያ ይገዛበት። የከፈለም ያልከፈለም በእኩል ይጠቀም። ገንዘቡን የሚይዘው ደግሞ ቀልደኛ ያልሆነና ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው ይሁን፤ ልጁ ደፍሮ እንዲጠይቀው።

ክረምትን ደግሞ አትርሱ። ቀይ አፈሩ ሲረጥብ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ የደፈረሰው ውሃ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል፣ ጭቃና አሸዋ የፍሬን ሸራን ቶሎ ይበላዋል። እንግዲህ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ገና አስፋልቱ ላይ እያላችሁ፣ ክብ ሠርታችሁ ቁሙና እያንዳንዳችሁ የብስክሌታችሁንና የሰውነታችሁን ጉድለት ተናገሩ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ራስ፣ ጉልበት። ጉድለት ያለበትን ወይ እዚያው አድሱት፣ ወይ በቀላሉ መንገድ አስከትሉት፣ ወይ ከሰው ጋር መልሱት። ታናሽ ቀድሞ እንዲናገር አታድርጉ፤ ይፈራል። መጀመሪያ የሁሉ ታላቅ የሆነው የራሱን ይናገር፣ ከዚያ ተከታዩ፣ እንዲያ እያለ እስከ ትንሹ ይውረድ።