ሙሴን ያሻገረው ደንገል

ባሕር ዳር ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሳስተምር፣ ከኦሪት ዘጸአት ሁለተኛውን ምዕራፍ አስበልጬ እወዳለሁ። ዮካብድ ልጇን ከፈርዖን ትእዛዝ ልታድን የደንገል ሣጥን ሠራች፤ ውኃ እንዳያስገባ ለቅልቃ በወንዙ ዳር አኖረችው። ለእኛ ልጆች ደንገል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ወንዙም ያው ዓባይ ነው፤ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው።

እንግዲህ የዮካብድን እጅ እያመሰገንን፣ በዚያው ወንዝ ራስ ላይ ከደንገል ቅርጫትና ምንጣፍ የሚሠሩትን የወይጦ ማኅበረሰብ ሴቶች ለምን አራቅናቸው? አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቱ ርኩስ አላቸው። እስልምናን ቢቀበሉም፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ማዕድ ተለይተው የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ሙስሊሙ ሙሳ የሚለው የሙሴ እናት ግን በቁርኣንም የከበረች ናት።

ስለ ጾምና ስለ ምግብ ሥርዓት አልከራከርም፤ ቤተ ክርስቲያኔ ያስተማረችኝን እጠብቃለሁ። ለሥጋ የተሰጠው ሥርዓት ወደ ሰው ሲዞር ግን ኃጢአት ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያየውን የእንስሳት ራእይ ራሱ ሲፈታው ስለ ሰው ነው ያለው፤ ማንንም ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ ተማረበት። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ኖረ።

ለወይጦ ሴቶች ሥልጠና ይሰጣቸው ሲባል እንዲህ ብዬ አስባለሁ። ቅርጫት መሥራትን ለእነዚህ ሴቶች የሚያስተምር ማን ነው? እነሱ ናቸው አስተማሪዎቹ። የሚጠቅማቸው ሒሳብ መያዝ፣ የድካማቸውን ቀን ቆጥሮ ዋጋ መተመን፣ በማኅበር ተደራጅቶ ብድር ማግኘት፣ ያለ ደላላ ለሆቴሎችና ለዘጌ ጎብኚዎች መሸጥ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ደንገሉ ራሱ አለ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ ዳርቻው ግን በእርሻና በግንባታ እየተያዘ፣ እንቦጭ የተባለው አረምም እየወረረው ደንገሉ ተመናምኗል። ደንገል ላጣች ሴት የገበያ ትስስር ምን ይሠራላታል?

አንዳንዱ ምእመን እነሱን መርዳት ምጽዋት ይመስለዋል። እኔ ዕዳ ነው እላለሁ። ኦሪት የድሃውን የቀን ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈሉ ትላለች። የወይጦዋን ሴት ቅርጫት ተከራክረን በግማሽ ዋጋ ወስደን፣ ከተረፈን ላይ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ስንሰጥ ጽድቅ የሠራን ይመስለናል፤ የመጸወትነው ግን የእሷን ገንዘብ ነው።

ወገኖቼ፣ ገበያ ስትወጡ የጠየቀችውን ክፈሉ። ቅርጫቱን ማን እንደሠራው ለሚጠይቃችሁ እንግዳ የወይጦ ሴት መሆኗን በአክብሮት ንገሩ። ቤቷ ስትጠራችሁም ሂዱ፤ ከስኒዋ ቡና ጠጡ።