የመፀው መንገድና የፎቶግራፍ መሣሪያ

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወራት መፀው ይሉታል። ብዙ ሰዎች ግን ይህንኑ ወራት ጸደይ ብለው ይጠሩታል፤ ጸደይ በቤተ ክርስቲያን ቍጥር የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ስሕተቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጸደይ ያለ ሰው አበባን ብቻ ይጠብቃል፤ መፀው ያለ ግን አበባውም እሸቱም አጨዳውም በአንድ ወራት ውስጥ እንዳሉ ያውቃል።

በዘመነ ጽጌ መግቢያ ከእንጦጦ ማርያም ተነሥተን፣ ወደ ሰሜን የሱሉልታ ሜዳ በሚታይበት የእግር መንገድ ስንሄድ፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ለብሶ አገኘነው። በመንገዱ ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ፎቶግራፉ እንዲያምርላቸው በአበባው መካከል ገብተው ተቀመጡ፤ ሲነሡም የተቀመጡበት ስፍራ ተጨፍልቆ ቀረ። እኛም ከነቀፋው አንወጣም። አርባ ያህል ሥዕል ካነሣን በኋላ አብሮን የነበረ ሕፃን የአበባው ቢጫ ቅጠሎች ስንት እንደ ሆኑ ቢጠይቀን መልስ አጣን። አበባው ከእግራችን አጠገብ ቆሞ ሳለ ከሥዕሉ ላይ ቈጠርንለት። ስምንት ነበሩ።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ማንሣት ማየት ነውን? ወይስ የማየትን ድካም ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ነው? ኒሴፎር ኒዬፕስ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1820ዎቹ ዓመታት ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ባነሣ ጊዜ፣ ብርሃኑ ለብዙ ሰዓት እንዲገባ መጠበቅ ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ዐይን እስኪጨፈን እንኳ አይቈይም። ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ አንጥልም፤ መሣሪያው መቸኰልን አላዘዘንም። ጌታችን የሜዳን አበባ እንድንመለከት ሲያስተምር የነገውን እሳት አልደበቀብንም፤ እኛ ግን የዛሬውን ብቻ አንሥተን እንመለሳለን።

ስለዚህ ወደዚያው የመንገድ መታጠፊያ በጥቅምት አጋማሽ፣ ደግሞም ዘመነ ጽጌ በሚፈጸምበት በኅዳር 5 ቀን ተመለስን። የማኅሌተ ጽጌ መዘምራንም በየእሑዱ ሌሊት እየተመለሱ የሚቆሙት አበባው ባማረበት ሳምንት ብቻ አይደለም። በጥቅምት የአደዩ ቢጫ ሳስቶ፣ የሜዳው ሣር ወደ ወርቅማነት ተለውጦ ነበር። በኅዳር አገዳው ደርቋል፤ በራሱም ላይ ጠቈር ያለ ዘር ይታያል፤ ከታች ገበሬዎች ሣር አጭደው ይከምራሉ። አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ «አባቴ፣ ይኸ ደግሞ ምን አለውና ያነሡታል?» አለን። በቂ መልስ አልሰጠነውም።

ሦስቱን ሥዕሎች በገበታ ላይ ጐን ለጐን ባኖርናቸው ጊዜ የመጣ እንግዳ ሁሉ የመጀመሪያውን ለመነን፤ ሦስተኛውን የፈለገ አልነበረም። ያ ሕፃን ግን እርሱን አንሥቶ በደረቀው ራስ ላይ ስንት ዘር እንዳለ ጠየቀን። በዚህ ጊዜ ሥዕሉን ከእጁ ወስደን፣ ከመንገዱ ዳር ይዘነው የመጣነውን አገዳ ሰጠነው።