ዝም ያለ ጋን ሁሉ አልጨረሰም

ልጄ፣ የሰንበቴው ተራ ደርሶብሽ ጠላ ደፍድፈሽ «ስንት ቀን ልጠብቅ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቀን አልቆርጥልሽም። ደብረ ታቦር ያለችው አክስትሽ የምትቆጥረው ቀን እዚህ አይሠራም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ይጠጋል፤ እርሾ ደግሞ ሙቀት ይወዳል፣ ብርድ ሲይዘው ይተኛል። እዚሁ ጣና ዳር እንኳ የሚያዝያና የነሐሴ ጠላ እኩል አይደርስም።

የዘጌ ጌሾ መግዛትሽ ደግ ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት ስለተከለከለ ሰዉ ከጥንት በቡናና በጌሾ ነው የኖረ፣ እጁም ያውቅበታል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጥሻል፣ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽም ይይዝልሻል፤ መቼ እንደደረሰ ግን አይነግርሽም።

ድፍድፉን አቅጥነሽ ጋኑን ከገጠምሽ በኋላ ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ፤ ሲንሿሿ ትሰሚዋለሽ። ከቀናት በኋላ ዝም ይላል፣ ብዙው ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጩን በልቶ የጨረሰ እርሾ ዝም ይላል፤ ብርድ ያስተኛውም ዝም ይላል። ያ የተኛው ወደ ጀሪካን ተገልብጦ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ይነቃና ጀሪካኑን ይነፋዋል። ሸክላ ይተነፍሳል፣ ፕላስቲክ አይተነፍስም።

ክብሪት ለኩሰው ጋኑ አፍ ውስጥ የሚሰዱም አሉ። ክብሪቱ ድርግም ሲል «ደርሷል» ይላሉ። ያጠፋው ግን እርሾው ሲሠራ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ፍላቱ ካበቃም በኋላ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ክብሪቱ መፍላቱን እንጂ መጨረሱን አይመሰክርም።

እኔ የማምነው ምላስን ነው። በንጹሕ ጣሳ ጥቂት ቅጂና ቅመሺ። የብቅሉ ጣፋጭነት ከንፈርሽ ላይ ከቀረ ገና ጉሽ ነው፣ መልሰሽ ግጠሚው። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሚ። ጣፋጩ ጠፍቶ፣ የጌሾው ምሬት ጥርት ብሎ፣ ጣዕሙ ካለፈው ቅምሻ ጋር አንድ ሲሆንብሽ፣ አተላውም ወደ ታች ሲወርድ ያኔ ደርሷል። የዳጉሳ ጠላ ጠቆር ስለሚል መጥራቱን በጣሳ አታዪውም፤ በብርጭቆ ቀድተሽ ወደ ብርሃን አንሺው። ፈረንጆቹ ቢራ ጠማቂዎች ይህንኑ በመስታወት ተንሳፋፊ ይለኩታል፦ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ስለሚከብድ ተንሳፋፊውን ከፍ ያደርገዋል፣ ስኳሩ ሲበላ ዝቅ ይላል። በተለያየ ቀን ለክተው ቁጥሩ ካልተለወጠ «አበቃ» ይላሉ። እነሱም ቢሆኑ በአንድ ልኬት አይፈርዱም።

ታዲያ ቅመሺ ስላልኩሽ በየሰዓቱ እንዳትከፍቺው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የተከፈተ ጋን ዝንቡንም አየሩንም ያስገባና ጠላሽን ሆምጣጤ ያደርግብሻል። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቂዋለሽ፣ ጨርሼ አልነግርሽም።

ሰንበቴው እሑድ ነው። ሐሙስ ቅመሺ፣ ቅዳሜ ቅመሺ። ቅዳሜ ጣፋጩ ከሐሙሱ ቀንሶ ካገኘሽው ገና እየሠራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጉሹን ቀድተሽ የካህናቱንና የሽማግሌውን ሆድ ስትነፊ ከምታድሪ፣ ከጎረቤት የደረሰ ጠላ ተበደሪ። ያንቺው ሲደርስ ትመልሻለሽ። ስትመልሺ ግን ቅራሪ እንዳትቀላቅዪበት፤ ያቺ ጎረቤትሽ ምላስ አላት።