ልፋትና ክብር

በሐይቅ ሳስተምር «ካልተማራችሁ ዓሣ ስታጠምዱ ትቀራላችሁ» እያልሁ ልጆችን አስፈራራ ነበር። ዛሬ ይህ ቃሌ ይጸጽተኛል፤ የብዙዎቹ አባት ዓሣ አጥማጅ ነበረና።

አቶ ግርማ በየነ በአዲስ አበባ ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋች፥ የዘፈን ደራሲና የባንድ መሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ በዋሽንግተንም በቤንዚን ማደያ ብዙ ዓመት ሠሩ። በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አወጡ።

«ተመልሰው ተከበሩ» ትሉኝ ይሆናል። ባይመለሱስ ኖሮ? በላባቸው ያገኙትን እንጀራ የበሉ ናቸውና፥ ክብራቸው ባልጎደለ ነበር። ሙያ ሊቋረጥ ይችላል፤ የሰው ክብር ግን ከሙያው ጋር አይቋረጥም።

እንግዲህ ልጆቼ ሆይ፥ ተማሩ፤ ዳሩ ግን በታንኳ ላይ መረብ የሚጥለውን አባታችሁን በእኔ በአሮጌው ቃል አትመዝኑት።