የሃምሳ ሰው ሎሚ

አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጥራት፣ የሞተር ምልክቱም በርቶ አልጠፋ ሲል፣ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ ይውጣ። ቆርቆሮው ይቆረጣል፤ ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ በፌሮ ተቀጥቅጦ ይራገፋል፤ ባዶው ቆርቆሮ ቦታው ላይ ተመልሶ ይበየዳል። ከሥር ገብቶ ለሚያይ ሰው የጎደለ ነገር የለም። መኪናዋ ትስባለች፣ ባለቤቱም ከወጪ ይድናል። ተበዳዩ የማይታይ ሥራ በደል ይባላል ወይ? ይህ ከመካኒክ ይልቅ ለነፍስ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ይመስለኛል።

መልሱ የሚጀምረው ከሸክላው ሥራ ነው። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ በስሱ የተቀቡት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቁ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ወደ ናይትሮጅን ይመልሳሉ። ጤነኛ ካታላይዘር ከ90 በመቶ በላይ መርዙን ያስቀራል። «ጭሷ እኮ ንጹሕ ነው» የሚለው መከራከሪያ ውሃ አያነሳም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ሄሞግሎቢንንም ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ጥቁር ጭስ የምትተፋ መኪና እንኳ ቢያንስ ታስጠነቅቃለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ድሮም ከሳሳው አየር ላይ የሚቀማ ጋዝ እዚህ ይብሳል።

«በከተማው ስንትና ስንት መኪና እያለ የኔዋ አንዷ ምን ታመጣለች?» የሚለው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ፈላስፋው ዴሪክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ሪዝንስ ኤንድ ፐርሰንስ» ይህን ስሌት ፈትኖታል፦ ሺህ አሠቃዮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ የአንዱን ጭማሪ ለብቻው ማንም አይለየውም፣ ድምሩ ግን የለየለት ስቃይ ነው። የኛ ተረትም ይህን ሒሳብ ያውቀዋል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ባለመኪናው የሚጽናናው በሁለተኛው ሐረግ ነው፤ ጥፋቱ ለሁሉም ስለተከፋፈለ ቀሏል ብሎ ያስባል። ጭሱ ግን እኩል አይከፋፈልም። ታክሲ ተራው ዳር፣ ከማርሚታው ቁመት እኩል ተቀምጣ ቆሎ የምትሰፍረው ሴት፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመው ትራፊክ የሃምሳውን ሰው ሎሚ ለብቻቸው ይሸከማሉ። ሃምሳው ሰው ተራ በተራ አንዳንድ ሎሚ እያቀበለ ያልፋል፤ የራሱ እጅ ስለቀለለው ሸክም መኖሩም ትዝ አይለውም።

የድህነት ተቃውሞስ? ይህን በስብከት ማለፍ ነውር ነው። መኪናዋ የቤተሰብ እንጀራ ከሆነች፣ አዲስ ካታላይዘርም ከአቅም በላይ ከሆነ፣ የማይቻለውን ማንም ግዴታ ሊያደርገው አይችልም። ሆኖም ካታላይዘር አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ብልሽት ሰለባ ነው። ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ሸክላው ውስጥ ገብቶ ይነድና ያቀልጠዋል፤ ዘይት የምትበላ ሞተርም አመዷን ትለብጥበታለች። አንዳንዴ ምልክቱን ያበራው የተበላሸ ሴንሰር ወይም የተበሳ ማርሚታ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳይመረምሩ ሸክላውን ማራገፍ ምስክር መግደል ነው። ካንዴላ ማየትና ቀዳዳ መበየድ ደግሞ ከካታላይዘር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ተመርምሮም ሸክላው የግድ መውጣት ካለበት፣ ነገሩ ዕዳ ይሆናል። ክርስቲያኑ ንስሐ ሲገባ የበደለውን እንዲክስ ይጠበቅበታል፤ ሙስሊሙም የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ሳይመለስ እንደማይቀር ያውቃል። በወንጌል የተጻፈው ቀራጭ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የቀማቸውን ሰዎች ሊያገኛቸው ይችል ነበር፤ ባለመኪናው ግን ለማን ይመልስ? አንዳንዱ ጭራሽ ዕዳውን በውሸት ይሸፍናል፦ ከካታላይዘሩ ኋላ ያለውን ሴንሰር ከጭሱ ፈቀቅ የምታደርግ ትንሽ ብረት አስገጥሞ ኮምፒውተሩን ያታልላል፣ መብራቱም ይጠፋል። ታክሲ ተራ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረፋውን የሚጠብቀው ሹፌር ግን ከዕዳው ጥቂቱን ለማን እየከፈለ እንደሆነ ያያል፤ ሴትዮዋ ከመስኮቱ ሥር ቆሎ እየሰፈረች ነው።